ሽታ የሌላት ሴት

በዚያ ቤት ሻይ ሲቀመስ አይወራም። ቀማሿ ይህን ደንብ የተማረችው ሥራ የጀመረች ዕለት ነው፤ ያውም በቁጣ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። መጀመሪያ ሻዩ ይናገር፤ አንቺ ኋላ ትደርሻለሽ" አሏት እትዬ፣ ማንኪያቸውን ወደ አፍንጫዋ ቀስረው። እትዬ ሻይ ቀይጦና በቅመም አጣፍጦ የሚያሽገው ድርጅት ባለቤት ናቸው። ሠራተኞቹ በመጋዘኑ ጓሮ ሲሳሳቁ፣ የእትዬ አፍንጫ እንኳን የሻይ የሐሜትም ሽታ ይደርስበታል ይላሉ። ሽቶ የነካው፣ ቅባት የተቀባ፣ በሚሸት ሳሙና የታጠበ ሰው የቅምሻ ክፍሉን ደፍ አይረግጥም፤ ሻይ ቅጠል አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣልና። አንድ ቀን ፀጉሯን ቅባት ለቅልቃ የመጣችውን ጸሐፊ ከደረጃው ጫፍ ሆነው "አንቺ፣ ሰው ነሽ ወይስ የአበባ ሱቅ?" ብለው ከመንገድ መልሰዋታል።

ዛሬም ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በመስኮቱ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጫጭ ስኒዎች ተሰልፈዋል። አንዷ ናና የገባባት፣ አንዷ ቀረፋ የበዛባት፣ አንዷ የደጋ ቅጠል ከብርቱካን ልጣጭና ከቅርንፉድ ጋር የተቀየጠባት፣ አንዷ የጽጌረዳ አበባ የተነሰነሰባት። በሰልፉ ራስ ላይ ግን ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች ስኒ ለብቻዋ ትቀመጣለች። የሟቿ ስኒ ናት። በእያንዳንዱ ቅምሻ መጀመሪያ የምትቀዳው እሷ ናት፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚመዘኑትም በእሷ ነው።

ሟቿ የእትዬ አንድያ ልጅ ነበረች፤ የቤቱ ቀያጭም እሷው። ከመታመሟ ትንሽ ቀደም ብሎ አዲስ ቅይጥ ሠራች፤ እንዴት እንደሠራችው ለማንም ሳትናገር በነጭ የጨርቅ ከረጢት ሞልታ "እማዬ፣ ቅመሽልኝና የመሰለሽን ንገሪኝ" ብላ ለእናቷ ሰጠች። እትዬ ሥራ በዝቶባቸው ነገ ዛሬ ሲሉ ልጅ አልጋ ያዘች። ሕመሙም ፋታ አልሰጠም። ከቀብር መልስ እናት የልጃቸውን ልብስ ሁሉ፣ ከረጢቱንም ጭምር፣ በቁም ሳጥኗ ውስጥ አስገብተው ቆለፉ። ወራት ካለፉ በኋላ ነው ደፍረው ከፍተው ከሻዩ የቀመሱት፤ ሲቀምሱትም ክው አሉ። ጥቁር ሻይ ነው፤ ብርቱካን አለው፤ ቅርንፉድ አለው፤ ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። ጽጌረዳ ይመስላል፣ ጽጌረዳ አይደለም። ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር።

ቀማሿ ከሌላ ድርጅት ተፈልጋ የመጣችው ያንን ነገር እንድታገኝ ነው። "ምላሴ" ይሏታል እትዬ፤ "ምላሴ፣ ልጄን ፈልጊልኝ" ይሏታል። ፈልጋለች። ከአምስት ዓይነት አበባ ቀይጣለች፤ የቫኒላ ፍሬ ቀቅላለች፤ የእንጨት ቅርፊት ሳይቀር አጥባ ቀምሳለች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነባት። አንዳንዴ ብቻዋን ስትቀምስ ትከሻዋ ላይ የሰው ትንፋሽ የሚያርፍ ይመስላታል፤ ዞር ብላ ባዶ ወንበር ታያለች። የማሸጊያ ክፍሉ ሴቶች በላይኛው ፎቅ፣ በሟቿ መኝታ ክፍል፣ ኮቴ ይሰማል ብለው ምለው ይናገራሉ። ቀማሿ በወሬው ትስቃለች፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደውን ደረጃ ግን በተቻላት መጠን አትመለከተውም።

ከሙት በላይ የሚያስጨንቃት ሕያው ነበር። ሠራተኞቹ "አማችየው" የሚሉት የሟቿ ባል፣ ሚስቱ ከሞተችም በኋላ ከአማቱ ቤት አልወጣም፤ ለድርጅቱ ቅጠል የሚገዛው እሱ ነው። በቅምሻ ጊዜ ከእትዬ ጎን ይቆማል። ሌላውን ስኒ ሁሉ እንደ ደንቡ በማንኪያ ሽርር አድርጎ ስቦ ባልዲው ውስጥ ይተፋል። ከሰማያዊዋ ስኒ የቀመሰውን ግን አይተፋም። ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል። ቀማሿ ያቺን አንዲት ጉንጭ እያየች ስንት ጊዜ በቅናት እንደተቃጠለች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። በሙት መቅናት ደግሞ አያድርስ ነው፤ ሙት አታረጅም፣ አትሳሳትም፣ አታስነጥስም።

ከዚያ ደግሞ ዓይኑን ሲከፍት እሷን ያያል። ቶሎ አይነቅልም። ሰው ፊት "ጋሼ" ትለዋለች፣ ብቻቸውን ሲሆኑ "አንተ"፤ ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ማድረቂያው ክፍል ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ አብረው ሲዘረጉ ግን፣ ቀና ሳይል "ይሄ ሻይ ባይገኝስ ምን አለበት?" አላት። ልቧ ድንግጥ አለ። የሚስቴን ያህል አትሆኚም፣ አትልፊ ያላት መሰላት። ልጣጩን ጥላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

ዛሬ ከከረጢቱ የቀረው የመጨረሻው ቁንጥር ነው።

ከረጢቱን ሁልጊዜ ከላይ የሚያወርዱት እትዬ ራሳቸው ነበሩ፤ ያንን ቁም ሳጥን ከሳቸው ሌላ የሚነካው የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ጉልበታቸው አመማቸውና ከአንገታቸው ቁልፉን አውልቀው ለቀማሿ ሰጧት። "ከሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከልብሱ መሃል ነው። ሌላ ነገር እንዳትነኪ" አሏት። ቀማሿ ልቧ እየመታ ያንን ደረጃ ወጣች።

ክፍሉ ባለቤቷ ለአፍታ ወጣ ያለች ይመስላል። አልጋው ተነጥፏል። ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አፍንጫውን ወደ ውጪ አድርጎ ተቀምጧል። ቀማሿ የቁም ሳጥኑን በር ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት፤ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ስትፈልገው የኖረችው እሱ ነበር፤ ለስለስ ያለው፣ ጣፋጩ፣ ጽጌረዳ መስሎ ጽጌረዳ ያልሆነው። ከረጢቱን ስታነሳ ሥሩ የነበረው ሻሽ ተፈታና አንድ ነገር ብቅ አለ፤ በአንድ ጎኑ ያለቀ ሮዝ የገላ ሳሙና። ሻሹን እንደነበረ ጠቅልላ መለሰችው። ሟቿ ከኋላዋ ቆማ "ደረስሽብኝ" የምትላት መሰላት።

ይኸው አሁን ሰማያዊዋ ስኒ ተቀድታለች፤ እንፋሎቷ ወደ መስኮቱ ይሳባል። እትዬ ቀመሱ። አማችየው ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዋጠ። ተራው የቀማሿ ሆነ። ማንኪያውን ወደ አፏ ስታቀርብ የሰው ልብስ፣ የሰው ገላ የምትጠጣ መሰላት፤ ቀምሳ ቶሎ ተፋችው። ከዚያ የራሷን ሥራ ቀመሰች። ሦስተኛዋ ስኒ የደጋ ቅጠል፣ የብርቱካን ልጣጭና ጥቂት ቅርንፉድ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ አቅርባ "የሆነ ነገር ይጎድላታል" ተብላ የተመለሰችባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የሚጎድላት ነገር እንደሌለ አወቀች። የሟቿ ሻይ ይህ ነው። ቀላል፣ ደግ፣ ማንም ጎበዝ ቀያጭ የሚሠራው ሻይ። የቀረው ሁሉ የቁም ሳጥኑ ነው።

ቀና ስትል አማችየው እያያት ነበር። ፊቷ ላይ ያለውን አነበበው መሰለ፣ ራሱን በጣም በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አትናገሪ ማለቱ ነው። ይህ ሰው ያውቃል ማለት ነው።

"እህስ ምላሴ?" አሉ እትዬ። ድምፃቸው እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። "ከዚህ በኋላ የምናመሳክርበት የለም። ተናገሪ እንጂ።"

"ትንሽ... ትንሽ ፋታ ይስጡኝ እትዬ። ምላሴን ውኃ ላስነካው።"

እትዬ አዩዋት፤ ስኒዋን አዩ፤ ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። "እሺ። እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ መጠበቁን አልቻልኩትም። ጉልበቴን ቢያመኝም ወርጄ መጋዘኑን አይቼ እመለሳለሁ" ብለው ወጡ። የበትራቸው ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም አልተነቃነቁም።

"ታውቅ ነበር" አለችው ቀማሿ።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያዋ ስኒ።"

"እኔ አበባ ሳደርቅ፣ የዛፍ ቅርፊት ስቀቅል፣ አፌ እስኪደነዝዝ ስቀምስ፣ ያ ሁሉ ሲሆን አንተ ቆመህ ታየኝ ነበር? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው! ዓይንህን በጨው አጥበህ 'ዛሬ ቀርበሻል' ትለኝ አልነበር?"

"ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።"

"ይስሙ!" አለች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች። "ከሷ ጋር ትጫወትብኝ ነበር ማለት ነው። እኔ እሷን ፍለጋ ስባክን አንተ ከስኒው ውስጥ ታገኛት ነበር።"

አማችየው የሰማያዊዋን ስኒ ጠርዝ በጣቱ ነካ።

"እሷም እንዳንቺ ነበረች" አለ። "በሥራ ቀን ምንም አትሸትም ነበር። እናቷን ታውቂያለሽ፤ ሳሙናውን ቢያገኙት ቤቱ ይቀወጥ ነበር። በሻሽ ጠቅልላ ከልብሷ ሥር ትደብቀዋለች። የምትታጠብበት በዕረፍት ቀናችን ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ... ያ ሽታ የኔና የሷ ነበር። ወላጅ እናቷ እንኳን አያውቁትም። ከሞተች በኋላ ያን ሻይ እማማ አፈልተው ሲያቀርቡልኝ፣ አንዴ ፉት ስል ዕረፍት ቀን ሆነ። ምን ልበላቸው? ልጅዎ አይደለችም፣ ሳሙና ነው ልበላቸው? ቆጥቤ ልጠጣት ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ነው። ለራሴ ስል ነው ዝም ያልኩት።"

ቀማሿ ይህን ያህል እውነት ይነግረኛል ብላ አልጠበቀችም። ቢዋሻት ይቀላት ነበር።

"ኋላ ግን አንቺ መጣሽ።"

"ኋላስ?"

"ኋላማ ሻዩ ከተገኘ ትሄጃለሽ። የተቀጠርሽው ለዚያ ነው።"

"'ባይገኝስ ምን አለበት' ያልከኝ..."

"አትሂጂ ማለቴ ነበር።"

ቀማሿ ጠረጴዛውን ያዘች። "እኔ እኮ... የሷን ያህል አትሆኚም ያልከኝ መስሎኝ፣ ስንት ቀን አልቅሻለሁ መሰለህ። ሰው አትሂጂ ማለት ሲፈልግ አትሂጂ አይልም እንዴ?"

"በሚስቴ ቤት ቆሜ? የሚስቴ እናት ያበሰሉትን እየበላሁ?" አለ። ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቱን ነካ አድርጎት አለፈ። "አንቺ ደግሞ ሽታ የለሽም። መምጣትሽን የማውቀው በኮቴሽ ነው። ከዚህ ወጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውስሽ ስሞክር የምይዘው አጣለሁ። እሷን ከስኒው አገኛታለሁ፤ አንቺን ካላየሁሽ አላገኝሽም። እንደዚያ አፍጥጬ የማይሽ ለዚህ ነው። ሌላ ምን አለኝ?"

እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ሴት አይነገርም ብላ አሰበች ቀማሿ። ወይም ለአንዷ ብቻ ይነገራል። ያቺ አንዷ እሷ ነበረች።

ከታች የበትሩ ድምፅ ተሰማ። እትዬ እየተመለሱ ነበር። አማችየው በችኮላ ጠጋ አለ፤ "ስሚኝ። ሦስተኛዋ ናት በያቸው። ልክ ናት፣ ተገኘች በያቸው። ምላስሽን ያምናሉ፤ አንቺ ካልሽ እሳቸውም ይቀምሱታል። ደስ ብሏቸው ይኑሩ። ለኛም..." አለና አቋረጠ፤ በሩ ተከፍቶ ነበር።

እትዬ አልተቀመጡም። ሁለት እጃቸውን በበትሩ ላይ ደራርበው ቆሙ። በዓይናቸው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ ምላሴ" አሉ። "ልጄ በሕይወቷ ብዙ ነገር ለምናኝ አታውቅም። ኩሩ ነበረች፤ እኔን ነው የወጣችው። በመጨረሻ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ቅመሽልኝ አለችኝ። ጊዜ የለኝም አልኳት። ጊዜ የለኝም! አሁን ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ሻይ መልሰሽ ካመጣሽልኝ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ምንም ይሁን። አልሰስትብሽም።"

ቀማሿ የምትፈልገው ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። ሦስተኛዋ ናት ማለት፤ አዛውንቷ አልቅሰው ይስሟታል፤ የልጃቸውን ሻይ ያገኘች ልጅ ብለው ደረታቸው ላይ ያቅፏታል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፣ ዓመት ሞልቶት፣ ሁሉም በየቦታው ይገባል። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ያን ሕይወት ወደፊት ስትቀምሰው አየችው። በሰማያዊዋ ስኒ እየጠጣች፣ በሟቿ ስም እየተመሰገነች፣ እያንዳንዱን ጠዋት "ልጄን መለስሽልኝ" እየተባለች ልታረጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ቢያንስ ከመጀመሪያው በብብቷ የራሷ ነገር ነበራት።

"እትዬ" አለች። "የልጅዎ ሻይ ሦስተኛዋ ስኒ ናት። የደጋ ቅጠል፣ ብርቱካን፣ ቅርንፉድ። ከዚያ በላይ ምንም የላትም። ይጎድላታል የምንለው ነገር ከሻዩ አልነበረም። የቁም ሳጥኑ ሽታ ነው። ከረጢቱ ሥር ሳሙና አለ። ሻዩ እዚያ ተቀምጦ እሱን ሲጠጣ ኖሯል።"

አማችየው ዓይኑን ጨፈነ።

"ሳሙና?" አሉ እትዬ። "ምን ሳሙና? በኔ ቤት?"

"የጽጌረዳ የገላ ሳሙና፣ እትዬ።"

"ውሸት ነው! ልጄ ቀያጭ ናት። ልጄ የሚሸት ሳሙና በእጇ አትነካም። ያሳደግኳት እኔ ነኝ!" በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ከዚያ ዞር ብለው፣ መውደቂያ እንደሚፈልግ ሰው፣ ወደ አማቻቸው አዩ። "አንተ ተናገር እንጂ! ውሸቷን ነው በላት።"

እሱ ሰማያዊዋን ስኒ አየ፤ ቀማሿን አየ። ውሸቷን ነው ቢል ማንም አይፈርድበትም።

"በዕረፍት ቀን ነው እማማ" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "በዕረፍት ቀን ብቻ። እርስዎን ትፈራ ነበር።"

የእትዬ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ወጣ። "ዛሬ ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበራችሁብኝ" አሉ። ፊታቸውን አዙረው፣ ያ ሲያማቸው የዋለ ጉልበት ሳያግዳቸው፣ ወደ ላይ ወጡ። የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

ታች የቀሩት ሁለቱ አልተያዩም። ስኒዎቹ ላይ ሻዩ ቀዝቅዞ ቀጭን ቆዳ አወጣ። ቀማሿ ሁሉንም በአንድ ቃል እንዳጣች ገብቷታል፤ ሥራውን፣ አዛውንቷን፣ ምናልባትም እሱን። ሄዳ ኮቷን ከመስቀያው ልታነሳ ስትል እጁ መንገዷን ዘጋ፤ አልነካትም፤ ዘረጋው ብቻ። "ብትሄጂም አብሬሽ ነው የምወጣው" አላት። "እሳቸውስ?" አለችው። አዛውንቷን ከዚያ ቁም ሳጥን ጋር ብቻቸውን ትተው የሚወጡበት በር በዚያ ቤት ውስጥ አልታይ አላቸው።

"ምላሴ!" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። "ያቺን ሦስተኛ ስኒሽን ይዘሽ ነይ። ብቻሽን።"

አዲስ ሻይ አፍልታ፣ ቀለሙ እስኪወጣ ጠብቃ፣ በተራ ነጭ ስኒ ቀድታ ወጣች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሻሹ ጭናቸው ላይ ተፈትቷል፤ ሳሙናው መዳፋቸው ውስጥ ነው።

"አፍንጫዬን ሳስገባ ወዲያው አወቅሁት" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ስንት ጊዜ ይህን በር ስከፍት፣ አንድ ቀን እንኳን እንደ ባለሙያ አላሸተትኩም። እያለቀስኩ ነበር የምከፍተው። ያለቀሰ አፍንጫ ምን ያውቃል።" አውራ ጣታቸውን ሳሙናው ባለቀበት ጎን ላይ አሳለፉ። "አየሽ፣ እዚህ ጋ እጇ ነው ያሳሳው። ሳሙና ገዝታ ከእናቷ የምትደብቅ ልጅ! ሌላዋ ውሽማ ትደብቃለች፣ የኔዋ ሳሙና።" ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። "ይህን ያህል አስፈራኋት ማለት ነው እንጂ ምን ይባላል።"

ቀማሿ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስኒውን ሰጠቻቸው። እትዬ ማንኪያ አልጠየቁም። ልክ እንደ ማንም ሻይ ጠጪ ሰው ስኒውን ከአፋቸው አገናኝተው ጠጡ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የተሰቀለችውን ግራጫ ቀሚስ እያዩ ነበር። ሻዩ እስኪናገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

"ጎበዝ" አሉ በመጨረሻ። ለቀማሿ አልነበረም። "ጥሩ ሻይ ነው ልጄ። ቅጠሉን በደንብ መርጠሻል። ቅርንፉዱም ልኩ ነው።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ብርቱካኑ ብቻ ትንሽ በዝቷል። ትንሽ ብትቀንሽው።"

ቀማሿ ለመነሳት ሞከረች፤ እትዬ ግን ትከሻዋን ይዘው ተደግፈውባት ነበርና ባለችበት ቀረች። አዛውንቷ አለቀሱ። ያለቀሱት ልቅሶ የዛሬ አይመስልም፤ ከመቃብር ዳር ሳይወጣ የቀረው ነበር።

ካበቃላቸው በኋላ ፊታቸውን በሻሹ ጠረጉና ወደ በሩ ጮኹ። "አንተ! ከደረጃው ላይ መቆምህን አውቃለሁ። ግባ።"

አማችየው ገባ እንጂ ከደፉ አላለፈም። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ወደዚያ ክፍል አልመጣም ነበር። ዓይኑ ከነጠላ ጫማው ወደ ግራጫዋ ቀሚስ፣ ከቀሚሷ ወደ ሳሙናው ሄደ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀማሿ ላይ አረፈ፤ ሊነቅለው ሲሞክርም አልነቀል አለው። እትዬ ያንን አዩ። ከዚያ አፍንጫ የሚደበቅ ነገር ኖሮ አያውቅም።

"እንደዚህ ያለ አስተያየት አውቃለሁ" አሉ በቀስታ። "ልጄን እንደዚህ ታያት ነበር።"

"እማማ፣ እኔ..."

"ዝም በል። እኔ ልናገር።" ሳሙናውን በሻሹ መልሰው ጠቀለሉ፤ ጭናቸው ላይ አኖሩት። "አንተ የኔ ልጅ ነህ። ሌላ ልጅ የለኝም። አንዷ ስለፈራችኝ በልብስ ሥር ደብቃ ኖረች፤ ያወቅኩት ከሞተች በኋላ ነው። ሁለተኛ አልችለውም። እጇን የምትይዝ ከሆነ በፊቴ ያዝ።"

ከደፉ እስከ አልጋው ያለው ወለል አጭር ነበር፤ እሱ ግን ተራራ እንደሚወጣ ሰው ተራመደበት። የተከፈተውን ቁም ሳጥን አለፈ። ሽታው ሲደርስበት ቆም አለ፤ ቀማሿም አየችው፤ ቆም ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀናችበትም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ። ልታስለቅቀው ፈለገች፤ በዚያ አልጋ አጠገብ፣ በዚያች ቀሚስ ፊት፣ በዚያች እናት ዓይን ሥር ደስታዋ አሳፈራት። እጁ ግን ሞቃት ነበር፤ ጠበቅ አድርጎም ያዛት።

እትዬ ፊታቸውን አላዞሩም። አፍጥጠው አዩአቸው፤ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ማንም ያላስገደዳቸውን ሕመም እስከ መጨረሻው ሊቀምሱት እንደወሰኑ። ቀማሿም አለቀሰች። ያለቀሰችው ለራሷ አልነበረም፣ ለእሱም አልነበረም። ፊቷን አይታ ለማታውቃት፣ ስትቀናባት ለኖረችባት፣ አንዲት ሳሙና ደብቃ በዕረፍት ቀን ለባሏ ትታጠብ ለነበረች ሴት እንደ እህቷ አለቀሰችላት።